የጅግራ ልጆችና ቁጥር አስተማሪው ቀበሮ

አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቆላ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ አስር ጫጩቶች የፈለፈለች ጅግራ ትኖር ነበር። ቁጥር አታውቅም። አስር መሆናቸውን የነገረቻት ጎረቤቷ አሮጊቷ አህያ ነች። ጅግራም ቃሉን ወደደችውና ለመጣ ለሄደው ሁሉ «የአስር ልጆች እናት ነኝ» ትል ጀመር።

ይህን የሰማ ቀበሮ አንድ ጠዋት አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«እትዬ ጅግራ፣ አንቺ እህል ለቀማ ስትወጪ ልጆችሽ ሥራ ፈተው ከሚውሉ ቁጥር ላስተምርልሽ።»

«ከቀበሮ ጋር ልጆቼን ትቼ?»

«ሥጋ ከተውኩ ቆየሁ። ጥርሴም አልቋል።»

አህያዋ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። «ተይ እህቴ፣ ለእኔ ስጪኝ። ተረት እየነገርኩ ሥዕሉን አቧራው ላይ በኮቴዬ እሥልላቸዋለሁ፤ እነሱም ጠጠርና ፍሬ እየደረደሩ ይቆጥራሉ።»

«አቧራ ላይ መንከባለል ነው እንግዲህ ትምህርቱ?» ብላ ጅግራ ሳቀችባት።

ልጆቹም ለቀበሮ ተሰጡ። ጅግራ ማታ ስትመለስ ቀበሮ «በሉ፣ ለእናታችሁ ቁጠሩላት!» ይላል። ጫጩቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እያሉ በዜማ ያወርዱትና «አስር!» ሲደርሱ ይጮኻሉ። ጅግራ ደስታዋን አትችለውም። አስር ከተባለ፣ አስር ናቸው ማለት ነዋ! ዜማው እያደር አማረ። ድምፁ ግን እየሳሳ ሄደ፤ እሷ ልብ አላለችውም።

አንድ ቀን ቀበሮ ቀረ። ሆዱን አሞት ነው ተባለ። ጅግራ ልጆቿን ይዛ አህያዋ ዘንድ ሄደችና «ዛሬ እንኳ አጫውቺልኝ» አለቻት።

አህያዋ አቧራው ላይ አንዲት ወፍ ሣለች፤ በዙሪያዋም አስር ክቦች።

«አንዲት እናት ለእያንዳንዱ ልጇ አንድ አንድ ጎጆ ሠራች» ብላ ጀመረች። «በሉ፣ ሁላችሁም ጎጆ ጎጆአችሁን ያዙ።»

ጫጩቶቹ እየተጋፉ ገብተው ተቀመጡ። ሦስት ጎጆዎች ባዶ ቀሩ።

«አብዝተሽ ሥለሻል» አለች ጅግራ።

«አላበዛሁም፣ እህቴ።»

ጅግራ ወደ ልጆቿ ዞረች። «ወንድሞቻችሁ የት አሉ?»

«የኔታ ከጉብታው ማዶ ወሰዷቸው» አለች ትንሿ ጫጩት። «ከአስር በላይ ያለውን ቁጥር ጎበዝ ልጅ እዚያ ሄዶ ነው የሚማረው አሉን። ነገ የእኔ ተራ ነው።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«‹ቁጠሩ› እንጂ መቼ ‹ንገሩኝ› አልሽን?»

ጅግራ ወደ ጉብታው በረረች። ከማዶ ነፋስ ለስላሳ ላባ ያንከባልላል። ቀበሮ ሆዱ ተነፍቶ ከጥላው ሥር ተጋድሟል። ጩኸቷን ሲሰማ አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገ።

«ምን ሆንሽ፣ እትዬ? እስከ አስር አስተምሬያቸው የለ?» ብሎ ተመልሶ ተኛ።

ጅግራ ምን አቅም አላት? ወደ ቀሩት ልጆቿ ተመለሰች፤ ያንኑ ዕለት ከአህያዋ ጋር ሩቅ ወዳለ ጫካ ይዛቸው ሸሸች። ሲመሽ ክንፎቿን ዘረጋችላቸው። ሁሉም ገቡ፤ ቦታም ተረፈ።

ከዚህ የምንማረው ልጅ ቁጥርን በአፉ ስለጠራ ብቻ መቁጠር ችሏል እንደማይባል፣ ዓይቶና ዳስሶ እንዲማር ሳያደርግ በዜማው ብቻ የሚደሰት ወላጅም የጎደለውን የሚያውቀው ከረፈደ በኋላ መሆኑን ነው።