ቅሉ የሞላ ዕለት

እናንተ እዚህ የተቀመጣችሁ፣ ጆሯችሁ አለ? አለ ካላችሁ ተረቱን ላምጣው፤ እናንተም ተቀበሉኝ።

ድሮ፣ እንስሳት ብቻ ሳይሆኑ ዕቃም አፍ በነበረው ዘመን፣ ገርባው በሚባል ወንዝ ዳር ብዙ እንስሳት ይኖሩ ነበር። ወንዙ ተራራው ላይ ሲሞላ ከታች አይታይም። ስለዚህ ርግቦች ተራራው ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ሣር ከበቀለ የብሳና ቅጠል ይዘው ይመጣሉ። ነብር ከታየ የወይራ። ጎርፍ ከተነሣ የሸንበቆ።

ቅጠሉን የሚጥሉት አንድ ቅል ውስጥ ነው። በላይኛው አፉ ይገባል፣ ከሥሩ በተበጀችው ቀዳዳ ይወጣል። የሚያወጣው አያ ኤሊ ነው። አያ ኤሊ ቅጠሉን ያያል፣ ያሸታል፣ ለዝንጀሮ ይነግራል። ዝንጀሮ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይጮኻል። ሁሉም ይሰማል።

እንዲህ ሆነው ሲኖሩ አንድ ክረምት ጠዋት፣ ማንም ምንም ሳይሰማ ጎርፍ መጣ። ድኩላ ልጇን ወንዙ ዳር ሣር ውስጥ አስተኝታ ቅጠል ልትበላ ወደ ዳገቱ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ሣሩም የለም፣ ልጇም የለችም።

ሦስት ቀን አለቀሰች። በአራተኛው ቀን ቅሉ ወዳለበት መጣች።

«ለምንድነው ያልነገራችሁኝ?» አለች።

«እኔ የሸንበቆ ቅጠል አምጥቻለሁ» አለች ርግብ። «ጥዬው ወዲያው ወደ ጥበቃዬ ተመለስኩ።»

«እኔ ያገኘሁትን ቅጠል ሁሉ አውጥቻለሁ» አለ አያ ኤሊ። «ሸንበቆ አልነበረበትም።»

«እኔ ውስጥ የገባው ሁሉ ወጥቷል» አለ ቅሉ።

ሦስቱም እውነታቸውን ነበር። ዝንጀሮ ግን ጥፋተኛ ሳያገኝ መሄድ አይወድም።

«ጥፋቱ የኤሊ ነው!» አለ። «ይሄ ቀርፋፋ! አንዱን ቅጠል እስኪያሸት ሌላው ይደርቃል። ይነሣና ጥንቸል ትተካ።»

ድኩላም በኀዘኗ «ይነሣ» አለች። አያ ኤሊ አንገቱን ወደ ውስጥ ሳበ።

በመንደሩ ታላቅ የሆኑት እመት ጃርት ነበሩ። «ቆዩ እስቲ» አሉ። «ጥንቸልም የምትታመምበት፣ የምትዝልበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ማንን ልትተኩ ነው? መጀመሪያ ቅጠሉ የት እንደገባ እንወቅ። እንሞክረው።»

ሞከሩት። ፀሐይ በነበረበት ቀን አንዲት ርግብ አንድ ቅጠል አመጣች። አያ ኤሊ አወጣው። ሌላ አመጣች። አወጣው። እስከ ቀትር እንዲህ ሆነ፤ አንድም ቅጠል አልጠፋም።

«አያችሁ? ቅሉ ደህና ነው» አለ ዝንጀሮ። ሊበተኑ ተነሡ።

«ልጄ የሞተችው እንዲህ ባለ ቀን አይደለም» አለች ድኩላ። ሁሉም ቆሙ። «ያን ዕለት ርግቦቹ በብዛት ይመጡ ነበር፤ አያ ኤሊ ደግሞ ብርድ አደንዝዞት ነበር። ልትሞክሩ ከሆነ ያን ቀን አድርጋችሁ ሞክሩት።»

እመት ጃርት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሠላሳ የዋንዛ ቅጠል አስመጡና በእሾሃቸው ይበሱት ጀመር፤ በመጀመሪያው አንድ ቀዳዳ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት። ሠላሳኛው ወንፊት መሰለ። «ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የትኛው እንደሆነ እናውቃለን» አሉ። ከዚያ ወደ አያ ኤሊ ዞሩ።

«አያ ኤሊ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ዛሬ ከወትሮው ይበልጥ ቀርፋፋ ሁን።»

«እስካሁን የተሳቀብኝ አልበቃ ብሎ?»

«ሊስቁብህ አይደለም። በደካማ ቀንህ ምን እንደሚሆን ካላየን፣ ነገ ሌላ ልጅ ይሞታል።»

አያ ኤሊ ድኩላን አያት። «እሺ» አለ።

ሠላሳ ርግቦች ተከታትለው መጡ። አያ ኤሊ አንድ ቅጠል ያወጣል፣ ሣር ይነጫል፣ ያርፋል፤ ሌላ ያወጣል። እሱ ሦስት እስኪያወጣ ርግቦቹ ሁሉ ጥለው ሄደዋል። ቅሉ ተፈትሾ ሲያልቅ የተገኘው ከአንድ እስከ አሥራ አምስት ነው። የቀሩት አሥራ አምስቱ ከቅሉ አፍ ላይ እየተንሸራተቱ ነፋስ ወስዷቸዋል።

«አንተ ቅል!» አሉ እመት ጃርት። «መሙላትህን አታውቅም ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ ቅሉ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ሞላሁ ብል ትንሽ ነህ ብላችሁ ትጥሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

ድኩላ ይህን ስትሰማ እዚያው ተቀመጠች። አያ ኤሊ ግን አንገቱን ቀና አደረገ።

«እንግዲያው ዕቃ እንቀይር» አለ ዝንጀሮ። እንቅብ አመጡና እንደዚያው ሞከሩት። እንቅቡ የመጣውን ሁሉ ተቀበለ፤ ሸክሙ ሲበዛ ግን ቂጡ ተቀደደና የቆዩት ቅጠሎች ከታች ወዳለው ገደል ወረዱ። አያ ኤሊ ሦስተኛውን አውጥቶ ቀጣዩን ቢስብ አሥራ ዘጠነኛው ሆነ።

«አዲሱን አስቀርቼላችኋለሁ እኮ!» አለ እንቅቡ።

«ነብር መጣ የሚለው ቅጠል አራተኛው ቢሆንስ?» አሉ እመት ጃርት።

ሆደ ሰፊዋን እንስራ አመጡ። እንስራዋ ሠላሳውንም ዋጠች፤ አንድም አልጣለች። ዝንጀሮ ጨፈረ። አያ ኤሊም ማውጣቱን ቀጠለ። መሸ። ነጋ። ሠላሳኛው ቅጠል የወጣው በማግስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

«ምንም አልጠፋብኝም» አለች እንስራዋ።

«ልጄን ውሃ የወሰዳት በአንድ ጠዋት ነው» አለች ድኩላ።

በመጨረሻ እመት ጃርት ተናገሩ። «ርግቦቹ አይቀንሱም። አያ ኤሊም አይሮጥም። ዕቃም ምን ቢሰፋ የሚሞላበት ቀን አለው። ስለዚህ ቅሉ ይመለስ፤ ግን አንድ ነገር ይማል። ሲሞላ ሞላሁ ይበል፤ ስንት እንዳለፈውም ይናገር።»

«አትጥሉኝም?»

«የምንጥልህ ዝም ያልክ ዕለት ነው።»

ቅሉ ማለ።

ክረምቱ ዞሮ መጣ። አንድ ቀን በረዶ ወረደ፤ ርግቦቹ ተደራርበው መጡ፤ አያ ኤሊን ብርድ አደነዘዘው። ድንገት ቅሉ ጮኸ። «ሞላሁ! አንድ አለፈኝ! ሁለት አለፈኝ!» እስከ ሰባት ደረሰ።

አያ ኤሊ የያዘውን ቅጠል ጣለ። «ሰባቱ ምን ነበሩ?»

«አላየሁም። ማለፋቸውን ብቻ ነው የማውቀው።»

አያ ኤሊ ዝንጀሮን ጠራ። «ውጣና ጩኽ።»

«ምን ብዬ? ጎርፍ ነው ወይስ ነብር?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ብዬ ልጩኽ? ይስቁብኛል!»

«እኔም ተስቆብኛል፤ አልሞትኩም። ያላየነው ሰባት ነገር አለ፣ ሁሉም ወደ ከፍታው ይውጣ በል።»

ዝንጀሮ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ትንሽ አመነታና «ያላየነው ሰባት ነገር አለ! ወደ ላይ ውጡ!» ብሎ ጮኸ። ጅግራ ላባዬ በዝናብ ይበላሻል ብላ አጉረመረመች። ቀበሮ ለማይታወቅ ነገር ማን ይደክማል አለ። ቢሆንም እያጉረመረሙ ወጡ። ዝንጀሮም ቅሉን አንጠልጥሎ ተከተላቸው።

ድኩላ ከፍታው ላይ ደርሳ ዞር ስትል አያ ኤሊ ገና ታች ነበር። ተመልሳ ወረደች።

«ይነሣ ብዬ ነበር» አለች።

«ልጅሽ ሞታብሽ ነው» አለ አያ ኤሊ።

ድኩላም በግንባሯ እየገፋች ዳገቱን አወጣችው። ጫፍ ሲደርሱ ገርባው ዛፍ እየነቀለ መጣ፤ ቀትር ሳይሆን ሸለቆው ሁሉ ውሃ ሆነ። ያን ቀን አንድም እንስሳ አልሞተም። ከሰባቱ ቅጠሎች ስንቱ ሸንበቆ እንደነበረ ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ ልብ በሉ። ሥራ የበዛበት ሁሉ አንድ ቀን ያመልጠዋል፤ ያመለጠውን ደፍሮ የሚናገር ግን ሌላውን ያድናል። የምትተማመኑበትንም ነገር በፀሐይ ቀን ብቻ አትሞክሩት፤ የጭንቁን ቀን አምጡበትና ሞክሩት።

ተረቱን ለእናንተ ሰጥቻለሁ፤ ለእኔ ደግሞ የጉሮሮ ማርጠቢያ ስጡኝ።