ለሁለት የምትቀቅለው ትርንጎ

ልጆቼ፣ ይህ አገር ገና ባሕር ዛፍ ሳያውቅ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው አፋፍ ላይ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። እመቤት አልነበረችም፣ የጌታ ዘመድም አልነበረችም። እሷና ባሏ ጓንጉል ልጆቻቸውን ድረው፣ መሬቱን አካፍለው፣ ለእርጅናቸው ያስቀሩት አንዲት ማሳና ቦራ የሚሉት አንድ በሬ ነበር። ቦራ ከጎረቤት በሬ ጋር ይጠመዳል፤ ጎረቤትየው የራሱን አርሶ የእነሱንም ያርስላቸዋል። በዚያ ይኖሩ ነበር። ይበቃቸውም ነበር።

ጓንጉል ሞተ።

አርባው ሲቃረብ የሟች ወንድም ብሬ ገመድ ይዞ መጣ። ያን ጊዜ ለተዝካር በሬ ያላረደ ሰው ቀና ብሎ አይሄድም። ትርንጎ የበረቱ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ወንድሜን በንፍሮ ልትሸኚው ነው?» አላት።

«ሲኖርስ ማታ ማታ ምን ይበላ ነበር? ቦራን ካረድኩ እኔ ከማን ደጅ ልቁም ብሬ?»

ስንዴና ባቄላ ቀቀለች። ካህናቱና ችግረኞቹ በሉ፤ ትልልቆቹ ሰዎች ቀሩ። ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ «ንፍሮዋ መጣች» እየተባባሉ ይስቁባታል። ትሰማለች። እንስራዋን ሞልታ ትመለሳለች።

ክረምት ገባ። ልጇ መጥቶ፣ በሬውን ሸጣ ከእሱ ጋር እንድትኖር ለመናት። ልቧ ከጀለ። ቤቱ ጭር ብሎባት ነበር፤ የጓንጉል ሳል እንኳ ናፍቋታል። ጓዟን ቋጠረች። መልሳ ፈታችው።

«እዚያ መጥቼ ከምሰለቻችሁ፣ እዚሁ ሆኜ ብናፍቃችሁ ይሻላል» አለችው።

አንድ ነገር ግን አቃታት። እህሏን በእፍኝ የምትለካ ሴት፣ ለአንድ ሰው መቀቀል አቃታት። እጇ ሁለት ሰው የሚበቃ ይዘግናል። ልትመልስ ትፈልጋለች፤ እጇ አይመልስም። ስለዚህ ቅቤውን ተወች፣ ጨውንም ቀነሰች፣ የጓንጉልን ድርሻ ግን በጣባ አድርጋ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። ላለፈ ላገደመው ትሰጣለች።

በሦስተኛው ዓመት የብሬ ሚስት ሞተች። ብሬ ለተዝካሯ ሁለቱንም በሬዎቹን አረደ። አገሩ በላ፣ አመሰገነው። ዝናቡ ሲጥል ሰው ሁሉ ወደ እርሻው ወጣ፤ ብሬ ባዶ ቀንበር ታቅፎ ቀረ። አንድ ቀን በትርንጎ ደጅ አለፈ። ተመለሰ። ደግሞ አለፈ። ጠራችው።

«ተቀመጥ። ብላ፣ የወንድምህ ድርሻ ነው።»

አንድ እፍኝ ዘገነ። ባቄላውን ከስንዴው በጣቱ ለየ።

«ሚስቴም እኮ ባቄላ ነበር የምትወደው» አለ።

ትርንጎ ስለ ሚስቱ ነግሮ እስኪጨርስ አዳመጠችው። የእሷ ማሳ መታረሱን፣ ከጎረቤቷም ጋር መነጋገሯን ነገረችው። በማግስቱ ብሬ ቦራንና የጎረቤትየውን በሬ እየነዳ የራሱ ማሳ ገባ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አፋፍ ለተዝካር የእርሻ በሬ አይታረድም። ባል ወይም ሚስት የሞተበት ሰው እስከ ሙት ዓመቱ ለሁለት ይቀቅላል፤ ሁለተኛውን ድርሻ ይዞ ደጁ ላይ ይቀመጣል። በዚያ የሚያልፍ ሰው፣ የጠገበም ቢሆን፣ እንቢ አይልም። ቁጭ ብሎ ይበላል፤ ሟቹ ምን ይወድ እንደነበርም ይጠይቃል። የሚነግረው ሰው ነግሮ እስኪጨርስ ድረስ ተነሥቶ አይሄድም።