«አለሁ» እያለ የተኛው ማሽላ ጠባቂ

ማሽላ የሚጠብቅ አንድ ገበሬ ነበረ።

እማዋይሽ፣ ይህን የምነግርሽ ስለጠየቅሽኝ ነው። ሌሊት ተረኛ መሆን ከጀመርሽ ሦስተኛ ሳምንትሽ ነው። በሽተኛው ሁሉ ተኝቶ ክፍሉ ጸጥ ሲል ዐይንሽ እየከበደ እንዳስቸገረሽ ነገርሽኝ። ቡናውንም ሞክረሻል፣ ፊትሽንም በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበሻል፤ ትናንትማ ግድግዳ ተደግፈሽ እንደ ቆምሽ አንቀላፍተሽ ጽዳት ሠራተኛዋ ሳቀችብሽ። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ በምን ዘዴ እንደቻልኩት ነው ማወቅ የፈለግሽው። እንግዲህ የገበሬውን ነገር ስሚ።

የገበሬው መሬት ወንዝ ዳር ነው። ከሱ በላይ በተዳፋቱ ላይ አራት ጎረቤቶች አሉት፤ ማሳቸው እንደ ደረጃ አንዱ ካንዱ በላይ የተያያዘ ነው። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ከወንዙ ማዶ ካለው ጫካ ከርከሮ እየተሻገረ ያጠፋባቸዋል። ስለዚህ በየዓመቱ እያንዳንዱ በማሳው መካከል በአራት እንጨት ላይ ማማ ይሠራል፣ ሲመሽ ወንጭፉን ይዞ ይወጣል፣ እስኪነጋም እዚያው ይቆያል።

እንዳይተኙ እርስ በርሳቸው የሚቆጣጠሩበት ሥርዓት ነበራቸው። ከሁሉ በላይ ያሉት ሽማግሌ ከሳቸው ዝቅ ብሎ ያለውን «አለህ ወይ?» ብለው ይጣራሉ። እሱ «አለሁ» ይልና ከበታቹ ያለውን ይጠይቃል። ጥሪው እንዲህ ከማማ ወደ ማማ እየወረደ ወንዝ ዳር ያለው ገበሬ ጋ ደርሶ ያበቃል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ከላይ ይጀመራል። መልስ ያልሰጠ ሰው ካለ ከበላዩ ያለው ጎረቤት ወደ ማማው እግር ድንጋይ ይወነጭፍለታል። በነጋታው ያ ሰው መሳቂያ ነው።

በዚያ ዓመት ከሽማግሌው በታች ድንጋይ ያልተወነጨፈለት አልነበረም፤ ከአንዱ በቀር። የወንዝ ዳሩ ገበሬ አንድም ቀን መልስ አጉድሎ አያውቅም። የእሱ ቦታ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከርከሮው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ሆኖም «አለህ ወይ?» በተባለ ቁጥር ሳይዘገይ «አለሁ» ይላል። ጎረቤቶቹ አደነቁት። ስሙን ትተው «አያ ንቁ» ይሉት ጀመር። ሽማግሌው ሳይቀሩ ከሱ ተማሩ እያሉ ሌሎቹን ይገሥጹ ነበር። እሱም ስሙን ወደደው።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ጋደም ብሎ ሳለ የጎረቤት አህያ ጮኸች። ገበሬው ዐይኑን ሳይገልጥ «አለሁ» አለ። ሚስቱ ሳቋ አላስቀምጥ አላት። ቀስቅሳ ነገረችው፤ ለአህያዋም መልስ ሰጠህ አለችው። እሱም አብሯት ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን በውስጡ አንድ ነገር ገባው። አፉ እሱ ሳይኖር መመለስ ለምዷል። ማማው ላይ ካሳለፋቸው ሌሊቶች ምን ያህሉን ነቅቶ እንዳየ ሊያስታውስ ሞከረ፤ ምንም ትዝ አላለውም። ለጎረቤቶቹ መንገር እንዳለበት ዐወቀ። ዛሬ ማታ እነግራቸዋለሁ አለ። ማታ ማማው ላይ ሲወጣ «አያ ንቁ መጣ» ሲሉት ሰማ፤ ሳይነግራቸው ቀረ።

ከገበሬው በላይ ባለው ማማ ላይ የምታድረው ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሁለት ልጆች አሏት፤ ማታ ማታ እናቷ ጋ እያስተኛቻቸው ነው የምትመጣው። ማሽላዋ መካከል ለልጆቿ ብላ አገዳው የሚጣፍጥ ጥንቅሽ ዘርታለች። አንድ ማለዳ ከማማዋ ስትወርድ ጥንቅሹ ያለበት ሦስት ትልም ተረጋግጦ፣ አገዳው ተላምጦ፣ ማሽላው መሬት ላይ ተኝቶ አገኘችው።

ገበሬው ከሷ ቀድሞ ወርዶ ነበር። የከርከሮውን ዱካ ያየው በራሱ ማሳ ውስጥ ነው። ዱካው ከወንዙ ይነሣል፣ በማማው እግር መካከል ያልፋል፣ ወደ ጥንቅሹ ይወጣል። አምስት ወይም ስድስት ከርከሮ ከእግሩ ሥር አልፏል ማለት ነው። ገበሬው ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ከዚያም ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ቆርጦ እየጎተተ ዱካውን አጠፋው።

ጎረቤቶቹ ተሰብስበው መረመሩ። በወንዙ በኩል ዱካ የለም፤ አያ ንቁም ሌሊቱን ሙሉ ሲመልስ ሰምተውታል። ስለዚህ ጥፋቱ የሴትዮዋ ነው አሉ። ለጥሪው ከመለሰች በኋላ ልጆቿን ለማየት ሹልክ ብላ ትሄዳለች ማለት ነው ብለው ደመደሙ። ንቁ ነበርኩ፣ ከማማዬ አልወረድኩም ብትልም የሰማት የለም። ሽማግሌው ጨካኝ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን አንድ ማሳ ሲከፈት ሁሉም እንደሚከፈት ያውቃሉ። አንድ ሌሊት እንዲህ ያለ ነገር ቢደገም ማማዋን ለሽማግሌው ወንድም ትለቅለታለች፣ እሱ ይጠብቅላታል፣ ለድካሙም የማሽላዋን ሲሶ ይወስዳል ተባለ። ለሷ ሲሶው ማለት ከፋሲካ በኋላ ያሉት ወራት ቀለብ ነው። ገበሬው እዚያው ቆሞ ይሰማ ነበር። መሬት መሬት ያይ ነበር እንጂ ቃል አልተነፈሰም።

ሴትዮዋ በዚያ ምሽት ማማዋ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ነቅታ እንደነበር እርግጠኛ ናት፤ ያን ሌሊት ነፋሱ አገዳውን ሁሉ ሲያንኳኳ ስላደረ ግን ከርከሮውን አልሰማችውም። ከርከሮው ከሰማይ አልወረደም። ሌላ የምታደርገው ነገር ስለሌላት የሰዎቹን ድምፅ ማዳመጥ ያዘች። ሽማግሌው በየጥሪው መካከል ያስላሉ። ሁለተኛው ትንኙን እየረገመ ነው የሚመልሰው። ሦስተኛው አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ይቆጣል፣ አንዴማ ደግሞ ስንት ጊዜ ነው የምትጠይቁኝ አለ። የወንዝ ዳሩ ገበሬ ድምፅ ግን አይለወጥም። ጅብ ቅርብ ሆኖ ሲጮህም ያው ነው፣ ነፋሱ ማማውን ሲያወዛውዝም ያው ነው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ርዝመት፣ አንድ ዓይነት ዜማ።

ጥሪው እንደገና ወርዶ እሷ ጋ ደረሰ። «አለሁ» አለችና ወደ ወንዙ ዞረች። እንደ ልማዱ «አለህ ወይ?» አላለችም።

«አያ ንቁ፣ ከማማህ ሥር የቆመው ምንድን ነው?» አለችው።

«አለሁ» አለ ገበሬው።

ከላይ ባሉት ማማዎች ያሉት ጆሯቸውን አቀኑ።

«አንድ ነው ሁለት ነው?»

«አለሁ።»

«ሚስትህ ወንድ ልጅ ወልዳልሃለች፤ ማን እንበለው?»

«አለሁ።»

ትንኙን የሚረግመው ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሦስተኛው ሳቀ። ሽማግሌው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ገበሬው በሳቁ ነቃና ተነሥቶ ተቀመጠ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙም አልፈጀበትም።

አንድ ጊዜ ነው ሸለብ ያደረገኝ ማለት ይችል ነበር። ለቀልድ ነው ቢልም ያምኑት ይሆናል፤ ስሙ ገና አልጠፋም። ሁሉም የሚለውን ይጠብቃሉ። እሱ ግን ከሱ በላይ ባለው ማማ ላይ አንዲት ሴት ሲሶዋን ልታጣ እንደተቀመጠች አሰበ።

«ተኝቼ ነበር» አለ። «ያን ሌሊትም ተኝቼ ነበር። ከርከሮው በኔ ሥር ነው ያለፈው። ዱካውን በቅጠል ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። ሽማግሌው ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሴትዮዋ ቀደመቻቸው።

«እንግዲህ አሁን ነቅተሃል» አለች። «ከማማህ ሥር ምን እንዳለ እይና ንገረኝ።»

ገበሬው ጎንበስ ብሎ በጨረቃው ብርሃን አየ።

«የውሃ ቅሌ ነው፤ ወድቋል» አለ።

በሃያ ሌሊት ውስጥ ከማማው ላይ በዐይኑ ያየው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ሁሉም እንደገና ሳቁ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን እሱንም ጨምሮ ነበር።

ጠዋት ገበሬውና ሚስቱ ሴትዮዋ ማሳ ገብተው ከወደቀው ማሽላ የሚድነውን እያቀኑ በልጥ ሲያስሩ ዋሉ። ከሦስቱ ትልም ሁለቱ ተረፈ። የጎደለውን ከራሱ ማሳ ሰጣት። ሽማግሌው ወደሷ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፤ የሲሶውም ነገር ሁለተኛ አልተነሣ። «አያ ንቁ» የሚለው ስም ግን አልጠፋም፤ እስኪሞት ድረስ ሲስቁበት ኖሩ፤ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥሪው ተለወጠ። «አለህ ወይ?» መባባሉ ቀረ። በምትኩ አንዱ ሌላውን፣ በዐይኑ ካላየ ሊመልሰው የማይችለውን ነገር ይጠይቀዋል። ጭጋጉ ወንዙን ተሻግሯል? በግራህ በኩል ያለው አገዳ የሚወዛወዘው በነፋስ ነው? ጨረቃዋ ዛፉን አለፈችው? ለመመለስ መነሣት፣ ዞር ማለት፣ ማየት ግድ ነው። አንድ ሰው በጣም የደከመው እንደሆነ ደክሞኛል ይላል፤ ከበላዩ ያለው የሱንም ማሳ እያየለት ጥቂት ይተኛል። ለዚህ ድንጋይ የሚወነጭፍ አልነበረም። ሌሊቱም እንደ ድሮው አልረዘመባቸውም። የሚያዩት ነገር አገኙ።

እማዋይሽ፣ ከአልጋው እግር ላይ የሚንጠለጠለው ወረቀት የእኛ «አለሁ» ነው። በየሁለት ሰዓቱ «ደህና ተኝተዋል» ብለን እንጽፋለን። መጀመሪያ አጠገባቸው ቆመን፣ እጃቸውን ይዘን እንጽፋለን። ትንሽ ስንቆይ ከበሩ ላይ አየት አድርገን እንጽፋለን። ኋላ ደግሞ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ሆነን እንጽፋለን። ዐይናችን ተገልጦ፣ እጃችን እየሠራ፣ እኛ ተኝተናል። ወረቀቱ ሙሉ ስለሆነ ሁሉም ያመሰግነናል።

እኔም ተመስግኛለሁ። አንድ ሌሊት በአንድ አዛውንት ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ «ደህና ተኝተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ሲነጋጋ ጠጋ ብዬ ባያቸው ግሉኮሱ ከደም ሥራቸው ወጥቶ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው አብጧል። ዐይናቸው ክፍት ነበር። ለምን አልተጣሩም ብላቸው «ስትጽፊ አይሻለሁኮ ልጄ፤ ሥራ ይዘሻል ብዬ ነው» አሉኝ። ክንዳቸው ዳነ። እኔ ግን ወረቀቱን እንዳለ ለቀን ተረኞች አስረከብኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ዱካውን በቅጠል መጥረግ ማለት እንዲያ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ላንቺ ስነግርሽ የመጀመሪያዬ ነው፤ በመናገሬም ቀለል ብሎኛል።

በምን ዘዴ ቻልሽው ላልሽኝ፣ እንቅልፍ ዛሬም ይመጣብኛል። ሲመጣ ሄጄ ካላየሁ መልስ የማላገኝለትን ጥያቄ ራሴን እጠይቃለሁ። የዚያች ልጅ እግር ከምሽቱ ይልቅ ሞቋል ወይስ ቀዝቅዟል? ያ መተንፈስ የሚያስቸግረው ጎልማሳ ትራሱ ላይ ነው ወይስ ተንሸራቷል? አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ካቃተሽ ደክሞኛል በይኝ፤ ግማሽ ሰዓት ጋደም ትያለሽ፣ ያንቺንም አልጋዎች እኔ አይልሻለሁ። አልስቅብሽም፤ ብስቅም ትንሽ ነው።

አሁን ልጠይቅሽ። በመስኮቱ በኩል ያሉት እናት በየትኛው ጎናቸው ነው የተኙት?

ከወንበሩ ላይ ሆነሽ አትመልሺልኝ።