የኤሊ ገበጣ

አራዊት ሁሉ በፍቅር የኖሩበት ዘመን ነበር ይባላል፤ ይህ የሆነው ግን በሌላኛው ዘመን ነው። አያ ጅቦ በሚገዛው በረሃ በጋውን የሚዘልቅ አንድ ኩሬ ብቻ ነበር። በኩሬው አፋፍ፣ በጥቁር አለት ላይ፣ ኤሊ በወጣትነቷ የፈለፈለችው ገበጣ አለ። ከአያ ጅቦ ጋር ተጫውቶ ያሸነፈ ይጠጣል። ያሸነፈ ግን ከታየ ቆይቷል።

ድሮ አንድ ሕግ ነበር፤ የባላጋራህ ቤቶች ጠጠር አልቆባቸው ባዶ ከቀሩ፣ ከራስህ ዘግነህ ትዘራለታለህ፤ ከኩሬው ማንም ጉሮሮው ደርቆ አይመለስም። አያ ጅቦ ይህን ሕግ «ኋላ የገባ ባዕድ ነገር» ብሎ ሻረው። ሥራውንም «ወደ ጥንቱ መመለስ» አለው።

የእንኮዬ ጦጢት ልጅ ከጥማት የተነሣ ጡት መሳብ ሲያቅተው፣ እናቱ ከዛፏ ሥር አፈር ቆፍራ፣ በዶቅማ ፍሬ፣ በድሮው ሕግ መጫወት ጀመረች፤ ሌሎቹ አይተው ቢያስታውሱ ብላ። አስታወሱና ለአያ ጅቦ ነገሩባት።

ሸንጎ ተቀመጠ። የጦጢት ጨዋታ እውነተኛው ገበጣ ነው ከተባለ ሕጉ ይመለሳል፤ ልጇም ይጠጣል። ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆመች።

«ጌቶቼ፣» አለ ቀበሮ፣ «የጥንቱ በአለት ላይ ነው፤ የዚህችኛው በአፈር። የጥንቱ በጠጠር ነው፤ የዚህችኛው በፍሬ። ታዲያ ምኑ ነው ገበጣ?»

«ምኑም!» አለ አህያ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«አንተ ደግሞ፣» አለችው ጦጢት፣ «ባለፈው በጋ ቤትህ ባዶ ሲቀር ስታለቅስ አልነበር?»

አህያ ጆሮውን ጣለ።

«ሠሪዋ ትጠየቅልኝ!» አለች ጦጢት። ኤሊ ከሩቅ አገር በቅርቡ ተመልሳ ነበርና ጠሯት። እስክትደርስ ጥላው ዞረ።

«አለቱን የመረጥሁት አጠገቤ ስለነበረ ነው፣» አለች ኤሊ። «ጠጠር የያዝሁት ዶቅማው ስላላፈራ ነው። ለባዶ ቤት ይዘራለት ያልሁት ግን አስቤበት ነው። እሱን አውጥታችሁ ያስቀራችሁልኝ ድንጋዩን ነው። የእኔ ገበጣ ይህች ጦጣ የምትጫወተው ነው።»

ጦጢት የልጇን ራስ ሳመች።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እመት ኤሊ ብዙ ዘመን ከአገር ርቀዋል። ጨዋታው ቢጠፋባቸው አይፈረድባቸውም።»

አያ ጅቦም ፈረደ፦ «ሠሪዋ ከሥራዋ ከራቀች፣ ሥራዋን ከእሷ መጠበቅ የእኛ ዕዳ ነው። ከእንግዲህ ኤሊ ወደ አለቱ አትቅረብ። ጦጢት ውሃ ከፈለገች፣ ይኸው ጥንታዊው ገበጣ።»

«እውነት ነው፣» አሉ አራዊቱ፤ አህያ ቀድሞ።

ኤሊ አንገቷን ወደ ውስጥ ሳበች። ሠላሳ ጊዜ ቢጠሯትም አላወጣችውም።

ጦጢት ተቀመጠች፤ ተጫወተች። ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ ቤቶቿ ሁሉ ባዶ ሆኑ። አያ ጅቦ ጠጠሩን በመዳፉ ሞልቶ ያዘ። ሁሉም መዳፉን አየ። እሱ ኩሬውን አየ።

የጦጢት ልጅ ከደረቷ ወርዶ፣ ከባዶዎቹ ቤቶች አንዱን በደረቀ ምላሱ ይልስ ጀመር።

«ኧረ ያዢው፣ እንኮዬ፣» አለ አህያ በቀስታ፣ «እንዳያበላሸው። የጥንት ነው።»