ማሰሮ የያዙ እጆች

አንድ ገመድ አባት ነበረ። የሚኖረው ጥልቅ ወንዝ ባለበት አገር ሲሆን ሥራው የመንደሩን የገመድ ድልድይ መጠበቅ ነበር፤ ገመድ አባት የሚሉትም ለዚህ ነው። ስለ ወጣቶቹ ድምፅ የጠየቅኸኝን አልረሳሁትም፣ እመለስበታለሁ። አንተ ብቻ እስክጨርስ አታቋርጠኝ።

ድልድዩ ከቃጫ የተገመደ ነበር። በቅሎም አህያም አይሻገርበትም፤ የሚሻገረው ሰው ብቻ ነው፣ ሸክሙን በጀርባው አዝሎ። ወፍጮውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ገበያውም ከወንዙ ማዶ ነበሩና ቀን በቀን የሚመላለሱበት ወጣቶቹ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸው ስለደከመ ካልጨነቃቸው በቀር ወደ ድልድዩ ዝር አይሉም። እህል የሚያስፈጩት ልጆቻቸውን ልከው ነው፤ ጨው የሚያስገዙትም እንደዚያው።

ቃጫ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ይበሰብሳል። አዲስ ገመድ ለመግመድ መንደሩ ሁሉ ቃጫ መቁረጥ፣ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ መቀጥቀጥና መፍተል አለበት፤ ይህም ክረምት ሳይገባ ማለቅ ስላለበት ከእርሻው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ገመዱ ይቀየር ወይስ ይቆይ የሚለው በየዓመቱ በሸንጎ እጅ እየተቆጠረ ይወሰናል። በሸንጎው የሚቀመጠው ደግሞ ጎጆ የወጣ ሰው ብቻ ነው። ያላገባና የራሱ ቤት የሌለው፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ቢደርስ እንኳ፣ በዚያ አገር ልጅ ነው።

ገመድ አባቱ አንጓች የምትባል የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረችው። ሌላ ልጅ አልነበረውም። በሰው ፊት «ይቺ ምላሰኛ» እያለ ያማርራታል፤ በሆዱ ግን ይኮራባት ነበር። አንድ ቀን ከወፍጮ ተመልሳ ዱቄቱን አወረደችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ገመዱ መሃሉ ላይ ሳስቷል» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ለምን አይቀየርም?»

«አምና ሸንጎው ይቆይ አለ።»

«ሸንጎው መች ይሻገርበታል? የምንሻገረው እኛ ነን። እኛን ማን ጠየቀን?»

ሳቀ። «ጎጆ ስትወጪ ትጠየቂያለሽ» አላት።

«ገመዱ እስከዚያ ይጠብቀኛል?»

መጀመሪያ ተቆጣ፤ ልጅ አባቷን እንዲህ አትጠይቅም ብሎ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልብ በልልኝ፣ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩን አልነግርህም ነበር። በሚቀጥለው ሸንጎ ተነሥቶ፣ ሸክም የሚችል ሁሉ በስብሰባው ይቀመጥ፣ እጁም ይቆጠር ብሎ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ልጅ ምን ያውቃል ያሉ ነበሩ፤ ይህ ነገር የኋላ ኋላ ድፍረት ያመጣል ያሉም ነበሩ። ገመድ አባቱ ግን አልለቅ አለ። ማረሱን አብረውን ያርሳሉ፣ መሸከሙን ከእኛ ይብስ ይሸከማሉ እያለ ሞገታቸውና በመጨረሻ እሺ አሉት።

ስለ ገመዱ የሚወሰንበት ሸንጎ ሲደርስ ወጣቶቹ ልብሳቸውን አጥበው መጡ። እንዲያ ያለ ደስታ በመንደሩ ታይቶ አያውቅም። አንጓች ከጓደኞቿ ጋር ሆና ምን እንደምትናገር ስታሰላስል ነበር የሰነበተችው።

በዚያ አገር ግን ትልልቅ ሰዎች በተሰበሰቡበት ልጅ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ይታዘዛል። ገና ከመግባታቸው አንዱ ለመቀመጫ የሚሆን ጉቶ እንዲያመጣ ተላከ፣ ሌላው የእንግዳ በቅሎ እንዲይዝ። የቀሩት ማሰሮ ተሰጣቸውና ጠላ ይቀዱ ጀመር። ለትልቅ ሰው በአንድ እጅ መቅዳት ብልግና ነውና ማሰሮውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከሰው ሰው ይዞሩ ነበር። ማንም ይህን ለተንኮል አላደረገውም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ሽማግሌዎች ልጆቹ ጨዋ ሆነው አደጉ ብለው መረቁ።

ወሬው ሲያልቅ የሸንጎው አንጋፋ፣ «እንግዲህ ገመዱ ዘንድሮ ይቀየር የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አለ።

ከተቀመጡት መካከል ጥቂት የማይባሉ እጃቸውን አወጡ። ገመድ አባቱ አላወጣም። መሬቱ ገና አልታረሰም፤ ገመዱ አንድ ክረምት ቢጨመርበት ይችላል ብሎ ራሱን አሳምኖ ነበር። ቀና ሲል አንጓችን አያት። ማሰሮውን መሬት ልታስቀምጥ ጎንበስ እያለች ነበር፤ ዓይኗ እጅ የሚቆጥረው ሰው ላይ ነው። ገባው። ያ ሁሉ ሰው እያየ ልጁ እጇን ልታወጣ ነው፤ የምታወጣውም አባቷ ባላወጣበት። አፈረ። በዚያው ቅጽበት አጠገቡ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ባዶ ዋንጫውን ዘረጋ።

«ልጄ፣ ቅጂላቸው እንጂ» አላት ገመድ አባቱ።

አየችው። ማሰሮውን መልሳ አነሣችና በሁለት እጇ ቀዳች። ዋንጫው ሞልቶ ቀና ስትል ቆጠራው አልፏል። ከወጣቶቹ መካከል አንድ እጅ እንኳ አልተቆጠረም፤ እጁ ባዶ የሆነ ወጣት አልነበረምና። ይቆይ ያሉት በትንሽ በለጡ። ወጣቶቹ ቢቆጠሩ ኖሮ ገመዱ ይቀየር ነበር፤ ይህን ገመድ አባቱ እዚያው ተቀምጦ አስልቶታል።

ወደ ቤት ሲሄዱ ይህቺ ምላሰኛ ልጅ ቃል አልተነፈሰችም። እሱም በልቡ፣ ይሻላል፣ ትረሳዋለች አለ።

በሚቀጥለው ሸንጎ ሁለት ወጣቶች ብቻ መጡ፤ ከዚያ በኋላ በነበረው አንድም አልመጣም። ሽማግሌዎቹ ተገረሙ። «ሰጠናቸው፣ አልፈለጉትም» ተባባሉ። «የዛሬ ልጅ ከጨዋታ በቀር ምን ይወዳል?» አለ አንዱ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ገመድ አባቱም አብሮ ሳቀ። ምክንያቱን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር፤ ግን መሳቁ ቀለለው።

ነሐሴ ገባ፣ ወንዙም ሞላ። ቤት ውስጥ ዱቄት አልቆ ነበር። «ዛሬ ዝናቡ አባርቷል፣ ወፍጮ ድረስ ብቅ በይ» አላት አባቷ። እህሉን አዘለችና ወጣች። ያን ጊዜ እንኳ ስለ ገመዱ አላነሣችም፤ ቀድሞ ቢሆን ሳትነዘንዘው አትወጣም ነበር። ሥራው ነውና እሱም ተከትሏት እስከ ድልድዩ ሄደ፣ የገመዱን ማሰሪያ በእጁ ነካ ነካ አድርጎ እለፊ አላት። መሃል ስትደርስ ገመዱ ተበጠሰ። አልጮኸችም፤ ወይም ጮኻ ከሆነ የወንዙ ድምፅ ውጦታል። እሱ የተበጠሰውን ጫፍ ይዞ ቆሞ ቀረ። ሰዎች መጥተው ከእጁ ሊያስለቅቁት ቢሞክሩ አልሆነላቸውም።

የመንደሩ ወጣቶች ወንዙን ይዘው ወደ ታች ወረዱ፣ ፈለጉ፣ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አስከሬን ሳይኖር ተለቀሰ። እናቷ ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም።

መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል ሸንጎ ተጠራ። ገመድ አባቱ በየቤቱ እየዞረ ወጣቶቹን ራሱ ለመናቸው፤ መጡም፤ የተለመነ ሰው እምቢ አይልም። ከሽማግሌዎቹ ጋር እኩል አስቀመጣቸውና መሃል ቆመ።

«ገመዱ ከምን ይሠራ? የት በኩል ይታሰር? ወይስ ድልድዩ ይቅር? ዛሬ እናንተ ተናገሩ፣ እኛ እንሰማለን» አላቸው።

የሚቆጣ ሰው እንዲነሣ ጠበቀ። አንዱ ተነሥቶ ልጅህን የገደልካት አንተ ነህ ቢለው እግሩ ላይ ይወድቅ ነበር፤ ይህንን ተመኝቶ ነው የመጣው። በመጨረሻ የአንጓች ጓደኛ፣ ከእሷ ጋር ስትስቅና ስትከራከር የኖረች ልጅ፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተነሣች።

«እናንተ ያላችሁት ይሁን፤ እኛ ምን እናውቃለን» አለች።

በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ሌሎቹም በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። አዲሱን ገመድ ሽማግሌዎቹ ወሰኑ፣ ወጣቶቹ ገመዱት፤ ገመድ አባቱም እስኪሞት ድረስ በየሸንጎው እንዲናገሩ ይለምናቸው ነበር። አንድም ቀን አልተናገሩም።

እንግዲህ አንተ የምርጫ ጣቢያ ኃላፊ ሆነሃል። የድምፅ መስጫው ዕድሜ ከአስራ ስምንት ወደ አስራ ስድስት ይውረድ እየተባለ ነው፣ ግን አስራ ስምንት የሞላቸውም ሊመዘገቡ አልመጡም፤ ፍላጎት ለሌለው ሰው መብት መጨመር ምን ይረባል ብለህ ጠየቅኸኝ። ዕድሜውን ዝቅ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ያ ሸንጎም አድርጎታል። አድርጎትም ልጆቹን በር ላይ በማሰሮ ተቀበላቸው። ባለፈው ሳምንት አንተ በጠራኸው ስብሰባ ላይ ወንበር የደረደሩት እነማን ነበሩ? የታሸገ ውሃ ያደሉት፣ መፈክር ያለበት ካናቴራ ለብሰው በር ላይ የቆሙት፣ አጨብጭቡ ሲባሉ ያጨበጨቡት? አስተያየት የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ ማይኩን ይዘው ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ ሲያዞሩ አይቻቸዋለሁ። ማይኩ ቀኑን ሙሉ በእጃቸው ነበር፤ አንድ ቃል ግን አልተናገሩበትም፣ አንተም ተናገሩበት አላልካቸውም።

ወጣቱ የሚጮህና የሚነዘንዝ ቢሆን አልሰጋም ነበር፤ የሚነዘንዝ ሰው ገና ካንተ አንድ ነገር ይጠብቃል። የምፈራው፣ ገመዱ ሰው ይዞ ከተበጠሰ በኋላ ተናገሩ ብለን ስንለምናቸው፣ ያለ ቁጣ፣ በጨዋ አንደበት፣ እናንተ ያላችሁት ይሁን የሚሉን ቀን ነው። አንተ ፍላጎት የላቸውም ያልከው ይህንኑ ጨዋ ዝምታ ነው፤ ቀኑም እየደረሰ ይመስለኛል።