የደብሪቱን ልጅ ስም ማን ያውጣ?

በአንድ ወቅት፣ የክረምት ጎርፍ የወንዟን ድልድይ ጠርጎ በወሰደባት ከተማ፣ ደብሪቱ የምትባል አስም ያለባት ሴት ምጥ ያዛት። ፅንሱ አግድም ስለተኛ ያለ ቀዶ ጥገና መውለድ አትችልም። ሆስፒታል ስትገባ ደግሞ አስሟ ተነሣ። ጋደም ስትል ትታፈናለች፤ ስትቀመጥ ምጡ ያጎብጣታል። የሆስፒታሉ የአስም መድኃኒት አልቋል፤ አዲሱም በጎርፉ ምክንያት አልደረሰም።

«በማደንዘዣ አስተኚያትና ልጁን ላውጣው፤ የልብ ምቱ እየደከመ ነው» አለ ሐኪሙ።

የማደንዘዣ ባለሙያዋ ሲስተር ፋንታነሽ እምቢ አለች። «ደረቷ እንዲህ ታፍኖ ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ባስገባ ጭራሽ ይዘጋል። እንደተኛች ትቀራለች። ትንሽ ትተንፍስና ከወገቧ በታች ላደንዝዛት።»

«እስከዚያ ልጁ ቢሞትስ?»

«በእኔ ይሁን።»

የደብሪቱ ወንድም ይመኑ ይህን ሰምቶ ማዶ ካለው ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሊያመጣ ወደ ወንዙ ሮጠ። ውሃው ሁለቴ ዋጠው፤ ሁለቴም ተፋው። ማዶ ሲወጣ ጤና ጣቢያው በጎርፍ ተውጧል። ከፍ ብሎ ካለ ቤት ደጃፍ ላይ ግን አቶ ገረመው የሚባሉ ሽማግሌ የአስም መድኃኒት ወደ አፋቸው ሲነፉ አየ። ያለቻቸው እሷው ብቻ ናት።

«አባቴ፣ እህቴ ልትሞትብኝ ነው!»

ሽማግሌው መድኃኒቱን ትንሽ አገላብጠው አዩና «ውሰድ። እኔ ዛሬ ደህና ነኝ» አሉት። ደህና አልነበሩም። ይመኑ ከሄደ በኋላ የመስኮቱን ደፍ ጨብጠው ሲያጣጥሩ ውለው፣ ማታ ላይ ተሻላቸው።

ይመኑ በዚያው ወንዝ ተመለሰ። ፋንታነሽ መድኃኒቱን ደጋግማ ነፋችላት። የደረቷ ፉጨት ላላ ሲል መርፌውን ወገቧ ላይ ወጋች። ደብሪቱ በትራስ ተደግፋ፣ ዓይኗ እንደተከፈተ ቀዶ ጥገናው ተደረገላት።

«እንዳትለቂኝ!» አለቻት ፋንታነሽን።

«አለሁ። ቀስ ብለሽ ተንፍሺ።»

ሴት ልጅ ወጣች። ዝም አለች። ሐኪሙ ጀርባዋን ሲያሻት፣ ሲያሻት ቆይቶ አለቀሰች።

ደብሪቱ አገግማ ቤቷ ስትገባ «ስሟን ያዳነን ሰው ያውጣ» አለች። ዘመድ ተከራከረ። ገሚሱ «ይመኑ ነው፤ ነፍሱን ለወንዝ ሰጠ» ሲል፣ ሌላው «ለእህቱ ማን አይሰጥም? ገረመው ግን ለማያውቋት ሴት ትንፋሻቸውን ሰጡ» አለ። የደብሪቱ ባል «ፋንታነሽ እምቢ ባትል መድኃኒቱ የሚደርሰው ለሬሳ ነበር» አለ። የደብሪቱ እናት ግን ራሷን ነቀነቀች፤ «ይመኑ ሰጥሞ ቢቀር ኖሮስ? ልጅቷን በእምቢታዋ ገድላት ነበር።»

ልጅቷ እስካሁን ስም የላትም። እናንተስ ማን ያውጣላት ትላላችሁ?