የአንዳርጌን ልጅ ስም ማን ያውጣ?

በአንድ ወቅት፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ባለች ከተማ፣ አንዳርጌ የሚባል ድንጋይ ፈላጭ ነበር። እናትና አባቱን በአንድ ክረምት ንዳድ ሲወስድበት ገና ጢም አላወጣም። ሦስት ታናናሽ ወንድሞቹን ድንጋይ እየፈለጠ አሳደገ። እራት ሲያንስ «እኔ በልቻለሁ» ይላል። ሌላ ብዙም አይናገርም።

ወንድሞቹ ተምረው ሲበተኑ ቤቱ ጭር አለ። ዘመናይን አገባ፤ ልጅ ግን አልመጣም። ዘመናይ ጸበል ተመላለሰች፣ ሐኪም ቤት ተመላለሰች፣ ጎረቤት «መካን ናት» ብሎ አማት። ወንድ መካን ይሆናል ብሎ የሚያስብ በዚያ አገር አልነበረምና እሱን የጠረጠረ የለም። እሱም ራሱን አልጠረጠረም። ብቻ እናቶች ልጆቻቸውን ከጨዋታ በየስማቸው ሲጠሩ፣ መዶሻውን አስቀምጦ ያዳምጥ ነበር።

ከሦስቱ ታላቁ ልየው ጤና መኮንን ሆኗል። ለበዓል ሲመጣ ዘመናይ ስታለቅስ አገኛትና ወደ ወንድሙ ገባ።

«ጋሼ፣ ሱሪዎን ያውልቁ።»

«ምን አልከኝ?»

«ልመርምርዎ።»

«ንፍጥህን እየጠረግሁ ያሳደግሁህ!» ብሎ በጥፊ አለው።

ልየው ጉንጩን ይዞ ከበሩ አልተነሣም። «ይድገሙኝ። ይህን ሁሉ ዓመት መርፌ የተወጉት እትዬ ናቸው፤ እርስዎ አንድ ቀን ይታዩ።»

አንዳርጌ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አወለቀ። ልየው አቁሞ፣ ትንፋሽ አስይዞ ዳሰሰው። ከግራው ቆለጥ በላይ ደም መልስ ሥሮቹ አብጠው፣ እንደ ትል ተጠላልፈዋል። «እትዬ ምንም አልሆኑም፤ ነገሩ ከእርስዎ ነው፤ እንዲህ ያበጠ ሥር ዘር ያሳንሳል» አለው።

አንዳርጌ ሱሪውን ታጠቀ። ከዚያ «ልጅ ያሳየኝ ማንም ይሁን፣ እሱ ስሙን ያውጣለት» ብሎ ማለ።

መካከለኛው ውበቱ በትልቅ ከተማ ሆስፒታል አልትራሳውንድ የሚያነብ ሐኪም ነው። በዚያ የአንዳርጌ ዘር ተመርምሮ እጅግ አንሶ ተገኘ። የውበቱ አለቆች ግን አስተኝተው ዳስሰውት «ያበጠ ሥር የለም፤ አፈጣጠሩ ነው፣ አይድንም» ብለው ደመደሙ። ውበቱ አልተቀበለም። ሥሩ የሚያብጠው ሰው ሲቆም ነው ብሎ፣ ወንድሙን አቁሞ መሣሪያውን ጫነበት። «ድንጋይ እንደሚያነሡ ያምጡ፣ ጋሼ!» ሲያምጥ ደሙ ወደ ኋላ ሲፈስስ ታየ፤ በግራ ብቻ ሳይሆን በቀኝም። ውበቱ አለቆቹ ተሳስተዋል ብሎ ስሙን አስፍሮ ፈረመ። ብዙ ሳይቆይ አለቆቹ ወደ ሩቅ ወረዳ አዛወሩት።

«ጣትህ ግማሹን ብቻ ነው ያገኘው» አለው ልየውን።

«ያለ ጣቴ ማንን ታስቆም ነበር?»

ታናሹ ምንይችል ቀዶ ጠጋኝ ነው። «በአሮጌው መንገድ በባዶ ዓይን እያየሁ፣ ሰኞ ብሽሽትዎን ከፍቼ ሥሮቹን ልቋጥር እችላለሁ» አለ። «ግን በመካከላቸው ክር የምታህል ደም ቅዳ አለች። እሷን አብሬ ከቋጠርሁ ቆለጡ ሊሞት ይችላል። በማይክሮስኮፕ እያዩ መሥራት ልማር፤ እዚህ የሚያውቅ የለም።»

«እስከ መቼ?»

«ዓመት።»

«ዘመናይ አርባ ሊሞላት ነው፣ አንተ ልጅ።»

«አውቃለሁ። ይጠብቁኝ።»

ልየው ሰነፍ አለው፤ ውበቱ ፈሪ አለው። ምንይችል ግን ሄደ። በዚያ ዓመት አንዳርጌ ልጆች በሚጫወቱበት መንገድ ማለፍ ተወ፤ በገደሉ ዞሮ ይመጣ ነበር። ምንይችል ተመልሶ በማጉያው ሥር ሁለቱንም ጎን ከፈተ፤ ክሯን ለይቶ አተረፈ፣ ያበጡትን ቋጠረ። ወራት ሲያልፉ ዘሩ በረከተ። ዘመናይ ወንድ ልጅ ወለደች።

ሦስቱም ስም ይዘው መጡ።

«ተመትቼ ባልደፍር ማን ይመረመር ነበር?» አለ ልየው።

«እኔ ባልፈርም ተስፋው ተቆርጦ ነበር፤ የቀኙንም ያየሁ እኔ ነኝ» አለ ውበቱ።

«ተሰድቤ ባልታገሥ፣ አሮጌው መንገድ ቆለጡን ያጠፋው ነበር» አለ ምንይችል።

ዘመናይ ከአልጋዋ ሳቀች። «የወለድሁ እኔ፣ የምትጣሉ እናንተ! ጌታዬ፣ አንድ በላቸው እንጂ።»

አንዳርጌ ሦስቱን አየ። ሦስቱንም በጀርባው አዝሎ ነበር ያሳደገ። ሕፃኑ እቅፉ ውስጥ ዓይኑን ገለጠ፤ አባቱ ሊጠራው አፉን ከፈተ፣ የሚጠራበት ስም ግን አልነበረውም።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ አባት ልጁን ይጥራ፤ ስሙን የማውጣት መብት የማን ነው?